ለፕሌስቴሽን የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ ሀገር ሰው ትዳር ሲመርጥ ማንንም አያማክርም፤ ዕቃ ሲገዛ ግን ሰባት ቤት ዘመድ ይሰበስባል። አትሳቁ! የአክስቴ ልጅ ባሏን ያገኘችው አዳማ መናኸሪያ፣ የአሰላ መኪና ሲጠብቁ ነው። ዴራ ሳይደርሱ ተጫጭተው ነበር። ይቺው ልጅ ፍሪጅ ልትገዛ ከተነሳች ዓመት ሊሞላት ነው። «ሰው እያጠያየቅኩ ነው» ትላለች። ባልሽን ማንን አጠያይቀሽ ነበር ብላት ይኸው ተኮራርፈናል።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ዘመድ መሀል ቁጭ ብሎ ነው ታናሽ ወንድሜ ናቲ «ፕሌስቴሽን ይገዛልኝ» ያለው።

ናቲ አስራ አንደኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቤት አይመጣም። ከጎሚስታው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች፣ ጌም ቤት ናት፣ እዚያ ይገባል። ቁመቱ የሯጭ ነው፤ እዚህ ከተማ ደግሞ ቁመት ያለው ልጅ ሁሉ ይሮጣል ተብሎ ይጠበቃል። የኛ ልጅ የሚያሯሯጠው አውራ ጣቱን ነው።

አሰላን ታውቋታላችሁ... ፀሐይዋ ስትገባ ብርዱ ከጭላሎ ወርዶ አጥንት ይጋራችኋል። እማዬ በዚያ ብርድ ጋቢ ደርባ የግቢው በር ላይ ትቆማለች። ትደውልለታለች፣ አያነሳም። በምን እጁ ያንሳ? ሁለቱም ጆይስቲክ ላይ ናቸው! ሲመጣ ራቱን ይበላል፣ «ደህና እደሩ» ይላል፣ ይተኛል። ቤታችን የሚያድር እንግዳ እንጂ ልጅ አልመስል ብሏል።

የእማዬ ሐሳብ አጭር ነው። «ይገዛለትና እዚሁ ዓይኔ ሥር ይጫወት። እኔ የምፈልገው ሲመሽ ልጄ ቤቱ እንዲገባ ብቻ ነው።»

የአባዬ ሐሳብ ረዥም ነው። ቴሌቪዥኑ ይቃጠላል፣ ዜና ያመልጠዋል፣ የሰፈር ጎረምሳ ይሰበሰባል... መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ «እዚያ እንኳ ተራ ይጠብቃል። እዚህ ከገባ ተራ የሚጠብቀው ደብተሩ ነው!»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ዘንድሮ በሶሺዮሎጂ ተመርቄ ቤት ተቀምጫለሁ። ሥራ ያላገኘ ምሩቅ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ የሁሉም ነገር ባለሙያ ይሆናል። ሪሞት አልሠራ ሲል «የተማርሽ አይደለሽ እንዴ?»፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ «አራት ዓመት ምን ስታደርጊ ነበር?» ነው።

«አንቺ፣ ስለ ቤተሰብ አይደል የተማርሽው?» አለ አባዬ። «በይ ፍረጂ።»

«ይገዛ ካልኩስ?»

«ያኔማ ምንም አልተማርሽም።»

ፍርዴን ዋጥኩት።

ናቲ አልዋጠም። አባትና ልጅ ነገር ሲከርባቸው እዚህ ምን እንደሚደረግ አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ አንድ እሑድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ፤ ብከፍት ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራ ይዘው ቆመዋል። አንዱ ጋሽ መኮንን፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሁለተኛው ኦቦ ገመዳ፣ ስንዴ አምራች ናቸው፤ በዚህ አካባቢ እሳቸው ያልገቡበት እርቅ እርቅ አይባልም። ሽማግሌ ሦስት ሲሆን ነው የሚያምረው፤ ሦስተኛው ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ።

«ኖር! ግቡ፣ ግቡ!» አለ አባዬ ብድግ ብሎ።

ገቡ። ግን አልተቀመጡም።

«ኧረ አረፍ በሉ!»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መኮንን። «የመጣንበት ጉዳይ ‹እሺ› ሳይባል አንቀመጥም።»

አንባቢዎቼ፣ አስተውሉ። እሑድ ጠዋት ነው። ጋቢ ነው። አልቀመጥም ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ አንዲት የተመረቀች ልጅ አለች! እኔ በዚያች ሰዓት ጭንቅላቴን ቅባት ተቀብቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ የናቲን ቱታ ለብሻለሁ። እማዬ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ማነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ሂጂ ቀሚስ ልበሺ! ፌስታሉን አውልቂ!»

እንደማንኛዋም ሴት በልቤ ጠረጠርኩ። ያ ባንክ ቤት «ቀጣይ» ሲለኝ ፈገግ ያለው ልጅ ይሆን? አብሮኝ የተማረው የጢቾው ልጅ? ሁለቱንም አልፈልጋቸውም፣ ቢሆንም ፌስታሉን አወለቅኩት። በቀኝ እጄ ቀሚስ፣ በግራ እጄ ማበጠሪያ ይዤ በሩ ሥር ጆሮዬን ደቀንኩ።

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ደረጀ፣ የላከን ልጅዎ ናትናኤል ነው።»

«ናትናኤል?» አለ አባዬ። «ናትናኤል አስራ ሰባት ዓመቱ ነው!»

«ኤዬ፣ እሱ ራሱ» አሉ ኦቦ ገመዳ። «ጌም ይገዛልኝ ብሏል። አባቴን ለምኑልኝ ብሎ እግራችን ላይ ወደቀ። ሽማግሌ ደግሞ ተልከህ አልሄድም አይልም።»

የእማዬ ፊት እንደ ሰፈራችን መብራት ድርግም አለ። ቀሚሱን ከእጄ ተቀብላ መስቀያው ላይ መለሰችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማግባት አልፈልግም። ግን በጆይስቲክ መቀደም ያናድዳል።

አባዬ ጭንቅ ገባው። ሽማግሌ አቁሞ እምቢ ማለት ነውር ነው። እሺ ማለት ደግሞ በልጅ መሸነፍ ነው። ግራ ሲገባው፣ «ለመሆኑ ዕቃውን አይታችሁታል?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«አላየነውም» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ሳታዩት ነው የምትለምኑለት?»

«ማሎ! እውነቱን ነው» አሉ ኦቦ ገመዳ። «ያላዩትን ከብት ማን ይገዛል? ይቅረብና እንየው። ከዚያ እንፈርዳለን።»

በዚህ ተስማምተው ተቀመጡ፤ ቁርሳቸውንም በሉ።

ናቲ ከሰዓት በኋላ መታወቂያውን አስይዞ ከጌም ቤቱ አንድ ፕሌስቴሽን ተውሶ መጣ። እማዬ ዕቃው ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ዳንቴል አለበሰችው። ናቲ «ይሞቃል፣ መተንፈስ አለበት!» ብሎ ገፈፈው። ዞር ሲል መልሳ አለበሰችው። በዚህች ሴት ቤት ውስጥ ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም።

ጋሽ መኮንን አንድ ጆይስቲክ፣ ኦቦ ገመዳ አንድ ጆይስቲክ ያዙ። ናቲ ምንጣፉ ላይ መሀላቸው ተንበርክኮ አስረዳ። ይህ ማቀበያ፣ ይህ መምቻ፣ ይህ መሮጫ። ኳስ ተጀመረ።

ወገኖቼ... እንዲህ ያለ ኳስ ዓለም አይቶ አያውቅም።

የጋሽ መኮንን ተጫዋች ኳስ ይዞ ጎል አፋፍ ደረሰ። ቆመ።

«ይምቱ ጋሼ! ይምቱ!» አለ ናቲ።

«እንዴት ነው በኦቦ ገመዳ ላይ የማገባው?» አሉ። «ነገ እድር ላይ በምን ዓይኔ ላያቸው ነው? ይልቅ እርስዎ ይውሰዱት፣ ኦቦ ገመዳ።»

«ኧረ ዋቆን፣ አይሆንም! መምህር ነዎት፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በእኔ ሞት!»

«በጭራሽ!»

ሃያ ሁለት ተጫዋች ሜዳ ላይ ተገትሮ ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ እንደተገናኘ ሰው ይገባበዛሉ። በመሀል ጋሽ መኮንን ሳያውቁት አንዷን ቁልፍ ተጫኗት፣ ተጫዋቻቸው ተንሸራቶ የኦቦ ገመዳን ልጅ ጠለፈው።

ኦቦ ገመዳ ጆይስቲኩን አስቀመጡ። «ወድቋል እኮ!»

«ይነሳል ኦቦ፣ ይጫወቱ» አለ ናቲ።

«ምኑን እጫወታለሁ? ልጁ እግሩን ይዞ ይንፈራገጣል! የመታው ለምን ይቅርታ አይጠይቅም?»

ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣ። ይሄኔ ነገሩ ባሰ።

«ምን አደረገው?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«አባረረው ጋሼ።»

«አባረረው? ሁለቱን ሳይሰማ?»

«ሳያስታርቅ?» አሉ ኦቦ ገመዳ። «ይሄ ልጅ ቂም ይዞ ቤቱ ሊገባ ነው እኮ! ዳኛውን ጥራልኝ።»

«ዳኛው አይጠራም ኦቦ!»

«ለምን? ሰው አይደለም? የሀገር ሽማግሌ ይፈልግሃል በለው!»

ናቲ መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ አፉን በመዳፉ ያዘ። ከዚያ አልቻለም... ምንጣፉ ላይ ተንጋሎ፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እየወረደ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ እነሱም ተያይተው ሳቁ። እኔ እንኳ ሳቅኩ፤ እኔ ደግሞ ከተመረቅኩ ወዲህ ምንም አያስቀኝም።

አባዬ ብቻ አልሳቀም። «አያችሁ?» አለ። «ምንም ረብ የለውም። እንግዲህ ፍረዱ።»

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ዳኝነቱ ጉድለት አለበት» ብለው ጀመሩ። «የሕጉም ነገር...»

«ይገዛ» አለች እማዬ።

ሁላችንም ዞርን። የጓዳው በር ላይ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማለች። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ለካ ቆይታለች።

«ሽማግሌዎቹ መች ፈረዱ?» አለ አባዬ።

«እኔ ፈረድኩ። ልጄ እዚህ ቤት ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። አንተ መጨረሻ መቼ ሰማኸው?»

አባዬ ናቲን አየው። ቴሌቪዥኑ ላይ የተባረረው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

«ያገለገለ ከተገኘ...» አለ አባዬ፣ ቀስ ብሎ።

ኦቦ ገመዳ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። «ገለቶማ! ቤታችሁ ይሙቅ!»

ያገለገለ ተገኘ። ተገዛ። ዳንቴሉንም ለበሰ፤ ሲከፈት ብቻ እንዲገፈፍ ስምምነት ላይ ተደርሷል።

አሁን ሁላችሁም የምትጠይቁኝን ልመልስ። ልጁ ቤት ገባ ወይ? ገባ! ከትምህርት ቤት በቀጥታ ይመጣል። እማዬ በሩን በጊዜ ዘግታ፣ ጋቢዋን አውልቃ፣ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ፊቷ ወዝ አውጥቷል።

ግን እኛ ዘንድ ሽማግሌ አስታርቆ ዝም ብሎ አይሄድም። እርቁ መጽናቱን ይከታተላል። ጋሽ መኮንንና ኦቦ ገመዳ በነጋታው «እንዴት ሆናችሁ?» ሊሉ መጡ። በሠልስቱም መጡ። ከዚያማ አለመምጣታቸው ነው የሚያስገርመው። ሦስተኛውም ሽማግሌ ጉንፋናቸው ተሻላቸውና ተከትለው መጡ። ያ ሁሉ መገባበዝ የት እንደገባ እንጃ፣ ጋሽ መኮንን ሲያገቡ ከዘራቸውን ወደ ጣሪያ ያነሳሉ። ኦቦ ገመዳ ደግሞ ሰው ጠልፈው ሲጥሉ «ይነሳል፣ ይነሳል!» ይላሉ። አባዬ ጆይስቲክ አይነካም፤ ክብሩ አይፈቅድለትም። ከኋላ ቆሞ «በግራ! በግራ አልኩ!» እያለ ይጮኻል እንጂ።

ናቲስ? ናቲ ተራ ይጠብቃል። ታላቅ ተቀምጦ ታናሽ አይጫወትም። እየጠበቀ ሲሰለቸው ደብተሩን ያወጣል። አባዬ አይቶት፣ «አየሽ? ይሄ ዕቃ ልጅ ያስጠናል። እኔ ቀድሞም ብዬ ነበር» አለኝ።

ትናንት አመሻሽ ላይ በሩ በኃይል ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ አስካለ፣ የጋሽ መኮንን ባለቤት ናቸው፤ ጋቢ ደርበዋል፣ አፍንጫቸው በብርድ ቀልቷል።

«ሰውዬው እዚህ ነው?»

«አዎ፣ ይግቡ እትዬ።»

ገቡ። ግን አልተቀመጡም።

«መኮንን! ስደውል ለምን አታነሳም?»

«ይቺን... ይቺን ብቻ ልጨርስ» አሉ ጋሽ መኮንን፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

እትዬ አስካለ ወደ እማዬ ዞሩ። «አንቺ፣ ልጅሽ ቤት ገባልሽ ሲሉኝ እልል ብዬ ነበር። ለካ ልጅሽን ስታስገቢ የኔን ባል ነው ያስወጣሽው!»

እማዬ አልደነገጠችም። በሙያዋ ነው የመጡባት። «ታዲያ እርስዎም ይግዙዋ እትዬ!»

እትዬ አስካለ ትንሽ አሰቡ። ዕቃውን አዩት፣ ዳንቴሉን አዩት፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ለምን እገዛለሁ?» አሉ። ወደ ግድግዳው ሄደው ሶኬቱን ነቀሉት።

ሦስት የሀገር ሽማግሌዎች በአንድ ድምፅ ጮኹ። ከዚያ ጋሽ መኮንን ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ።