ሊያው ጂንፋ የሽንኩርት ቅጠል በገዛ አፋቸው ስለ ማስመረቃቸው

ቃላቸው በተማረከ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ማንጎ፣ ፀሐይ የታይናን ከተማን ቆርቆሮ ሁሉ ባጋለችበት ማለዳ፣ መኰንነ አውቶቡስ፣ መዋዔ መስቀለኛ መንገድ፣ ዕድሜ ልካቸውን የአንዲት ተሳፋሪ እንቁላል ሳይሰብሩ ሕዝብ ያመላለሱት ሊያው ጂንፋ ወደ ገበያ ዘመቱ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነበር። ስትሮክ የሚሉት ጠላት በድንገት ደርሶ ቃላቸውን ማርኮባቸው ነበርና፣ የሚሹትን ልባቸው እያወቀው አፋቸው እምቢ ብሎ፣ ሊናገሩ በተነሡ ቁጥር ያ የጥንቱ የሾፌርነት ቃል፣ «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ» የሚለው ብቻ፣ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። ልጃቸውም ከዋና ከተማው ከታይፔ ሆኖ፣ «አባዬ ሰው ፊት አይሳቀቅ፤ ከሰኞ ጀምሮ አትክልቱ ቤት ይምጣለት» ሲል አወጀ። ቤት መዋል ደግሞ ገበያ ለሚወድ ሰው ግዞት ነው፣ ልጆቼ።

ስለዚህ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ወይዘሪት ዩንሩ፣ መምህርተ ትዕግሥት፣ ሰኞ ሳይደርስ ግዳጅ ሰጠቻቸው፤ ጎመን ገዝተው ሲያበቁ፣ በዚያ አገር ለገዢ ሁሉ በነጻ የሚመረቀውን የሽንኩርት ቅጠል ራሳቸው እንዲጠይቁ። ለሠራዊቱም፣ «ማንም ቃል እንዳያቀብላቸው። እርስዎም ጭምር፣ እማማ» ብላ፣ ሚስታቸውን እያየች፣ አዋጅ ነገረች።

ሠራዊቱም ይህ ነው፤ ባለቤታቸው ባውጁ፣ ባለ ጎማውን ዘንቢል እየጎተቱ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፤ ወይዘሪት ዩንሩ፤ ደጀን የሆኑት ጎረቤት ጋሽ ቼን፣ ውሻቸውን በሕፃን ጋሪ አስቀምጠው፤ ውሻውም፣ ግራ ቀኙን በግርማ እየቃኘ።

ነገር ግን አትክልት ሻጯ ሱጄን፣ እጀ ፈጣን፣ ገና ከሩቅ ስታያቸው ጎመኑን መዝና፣ ቅጠሉን ከላይ ሰክታ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ እኔ አውቅልዎት የለ» ብላ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተችው። ደግነቷ ከጠላት ጦር የከፋ ሆነ፤ የሚጠየቀው ሳይጠየቅ ተሰጥቷልና።

ሊያው ጂንፋ ቅጠሉን መዝዘው በክብር ሚዛኑ ላይ መለሱት። ገበያው ደነገጠ፤ የተመረቀለትን ሽንኩርት የመለሰ ሰው በታይናን ታይቶ አያውቅምና። ሱጄንም ጠውልጎባቸው መስሏት ትኩሱን ብትጨምር፣ ያንንም መለሱ። ወረፋ የያዙት ሴቶች በአዘኔታ፣ «ዝንጅብል ነው የፈለጉት»፣ «ኧረ ቃሪያ ነው»፣ «ምስኪን፣ ሽንት ቤት ይሆናል» እያሉ ቃል አዘነቡባቸው።

ያን ጊዜ ደረታቸውን ነፍተው፣ ቅጠል ሊሉ አስበው፣ «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ» ብለው አወጁ። ሕዝቡም በእርሳቸው አውቶቡስ ያደገ ሕዝብ ነውና፣ ሳያስብ ወደ ኋላ ተጠጋ፤ የውሻው ጋሪ እንኳ አልቀረም። ወሬውም ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ላባቸው በአገጫቸው ተንጠባጠበ። ባውጁ ቃሉን ቢያቀብሏቸው አንድ ትንፋሽ ነበር፤ የዘንቢሉን እጀታ ጨብጠው ዋጡት። ዓሣ ሻጩ ቢላዋውን አየር ላይ አቆመ።

«ሽ...» አሉ። «ሽን...» አሉ። ተዉት፤ እንደገና ያዙት።

«ሽንኩርት። መርቂልኝ።»

ሱጄን ዓይኗን በሽርጧ ጠርጋ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፤ ከዚያም የልጃቸው አዋጅ ደርሷት ነበርና፣ እንደ ልማዷ ወደ ባውጁ ዞራ፣ ከሰኞ ወዲያ ማን እንደሚመጣ ጠየቀች። ባውጁ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰውም ገጠሙት።

«እኔ» አሉ ሊያው ጂንፋ። «ብቻዬን።»

ባውጁም የዘንቢሉን እጀታ፣ እንደ መንግሥት በትር፣ አስረከቧቸው።

እንግዲህ በጭፍራ ብዛት ከተማ የያዘ ይኩራ፤ እኚህ ግን ወዳጅ ሁሉ ሊረዳ በከበባቸው ቀን፣ የወዳጅን ከበባ በትዕግሥት ሰብረው አንድ ቅጠል ማርከው የተመለሱ ናቸውና፣ ሽንኩርት በሚመረቅበት ገበያ ሁሉ ስማቸው ይክበር፤ ሾርባቸውም ይጣፍጥ።