አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት የይለፍ ቃል

ሰውን መጠርጠር ሙያ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ዘመን የእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሙሉ ቢያንስ ማስተርስ ይኖረው ነበር። ሻይ የጋበዘህ ሰው ምን ሊያወጣጣህ ፈልጎ እንደሆነ ታስባለህ፤ ያልጋበዘህ ደግሞ ምን ሰምቶብኝ ይሆን ያሰኝሃል። ግምገማ ሲቃረብ ሁለት ሰዎች ኮሪደር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ካወሩ፣ በዚያ የሚያልፈው ሦስተኛ ሰው የሚያወሩት ስለ እሱ እንደሆነ አይጠራጠርም። እርግጠኛ ነው እንጂ። ግቢያችን ውስጥ ዛፍ ላይ የሚውሉት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ አሞራዎች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ቁልቁል ሲያዩን ቃለ ጉባኤ የሚይዙ ይመስሉኝ ነበር። እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ለእኔና ለወይዘሮ ማርታ አንድ ኮምፒውተር ለሁለት የተሰጠን። መሥሪያ ቤታችን ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ነበር፤ ሁለታችንም የዕቅድ ባለሙያዎች ነን። ወይዘሮ ማርታ በዕድሜ ይበልጡኛል። ጠዋት ጠዋት ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ በባጃጅ መጥተው፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ዐይናቸውን ጨፍነው አጭር ጸሎት የሚያደርጉ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሴት ናቸው። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ ነኝ። ስልክ ሲደወልላቸው በሲዳምኛ ያወራሉ፤ እኔ በአራት ዓመት የለመድኩት ሰላምታውን ብቻ ስለነበር፣ ከሰላምታው በኋላ ያለው ሁሉ ስለ እኔ ይመስለኝ ነበር። አንዴማ በወሬው መሃል "ተስፋዬ" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። የወንድማቸው ልጅም ተስፋዬ እንደሚባል ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የእኔ አንድ ሠንጠረዥ ጠፋ። ሳምንት ሳይሞላ የእሳቸው ደብዳቤ ጠፋ። ቫይረስ ነው ብንል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ በየሰዉ ፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ ያልገባበት ቢሮ አልነበረምና። ግን ወቅቱ ቫይረስ የሚጠረጠርበት አልነበረም። አዲስ መዋቅር ሊመጣ ነው፣ በእኛ ክፍል የሚቀረው አንድ ባለሙያ ብቻ ነው፣ ሌላው ወደ ሩቅ ወረዳ ይላካል እየተባለ ይወራል። ባለቤቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እርግዝናው ስለከበዳት ሐኪሟ ከከተማ እንዳትርቅ አስጠንቅቋታል። ስለዚህ ሠንጠረዤን ማን እንዳጠፋው መጠየቅ አላስፈለገኝም። እሳቸውም ደብዳቤያቸውን ማን እንዳጠፋው አልጠየቁኝም።

በመጨረሻ የኮምፒውተር ባለሙያችንን፣ አቶ ዳንኤልን፣ ጠራነው። ራሰ በራ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ ሰው ነው። አቤቱታችንን በየተራ ሰማና፣ ኮምፒውተሩን ትቶ እኛን አየን።

"ላፋታችሁ?" አለ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንደኛው ግማሽ ላይ ወይዘሮ ማርታ የለመዱትን ዊንዶውስ፣ በሌላው ላይ ለእኔ ሊነክስ የሚባለውን ሌላ ሥርዓት ይጭናል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ወደየትኛው መግባት እንደምንፈልግ ይጠይቀናል፤ ሁለታችንም የየራሳችን የይለፍ ቃል ይኖረናል።

"እኩል ነው የሚከፈለው?" አሉ ወይዘሮ ማርታ።

"እኩል።"

"እንግዲያው እኔ እያየሁ ይከፈል።"

ወንበራቸውን አስጠጉ። እኔም በሌላው በኩል አስጠጋሁ። ዳንኤል መሬት እንደሚሸነሽን የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ መስመሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፋ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ጨርሶ ሲያበራው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት ስሞች ከላይና ከታች ተደርድረው ታዩ። የእሳቸው ለምን ከላይ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

ሁለት ሳምንት በሰላም ኖርን። አንድም ፋይል አልጠፋም። ይኼም አጠራጠረኝ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ወይዘሮ ማርታ ለመስክ ሥራ ወጥተው ሳለ፣ ፍላሼን ልከፍት ብዬ የማላውቀውን ምልክት ነካሁ። የወይዘሮ ማርታ ግማሽ ወለል ብሎ ተከፈተ። የይለፍ ቃል ብሎ ነገር የለም። ለካ ዳንኤል ያቆመው ግድግዳ ከአንድ ወገን ብቻ የሚከልል ኖሯል፤ ከእሳቸው በኩል የእኔ አይታይም፣ ከእኔ በኩል ግን የእሳቸው ሁሉ ይታያል። ይህን ረስቶት ይሁን አውቆት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እዚህ ላይ "ወዲያው ዘጋሁት" ብላችሁ ደስ ባላችሁ። አልዘጋሁትም። ከፋይሎቹ መሃል አንዱ "ተስፋዬ" ይላል። ስለ ሌላ ተስፋዬ እንዳልሆነ ያኔ ልቤ ነግሮኛል። በሩን ገርበብ አድርጌ ፋይሉን ከፈትኩት።

ለቢሮው ኃላፊ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት የዘገየው በእኔ ስንፍና ሳይሆን መረጃው ከወረዳዎች ዘግይቶ በመምጣቱ እንደሆነ ይዘረዝራል። ቀጥሎ፣ "ባለቤቱ ሆስፒታል ተኝታ በነበረችበት ሳምንት እንኳ አንድ ቀን ከሥራው አልቀረም" ይላል። እኔ ያን ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አይተው ኖሯል። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

በግምገማው ቀን ሰብሳቢው ስለ ወይዘሮ ማርታ እንድናገር ሲጠይቀኝ ተነሣሁና የሥራ ትጋታቸውን፣ ሐቀኝነታቸውን፣ ለባልደረባ አሳቢነታቸውን አንድ በአንድ ተናገርኩ። በግምገማ ላይ ሰው ያለ "ግን" ሲመሰገን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ወይዘሮ ማርታ ዐይናቸውን አጥብበው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

መዋቅሩ ሲወጣ እንደገና ተሻሽሎ ስለነበር ሁለታችንም እዚያው ክፍል ቀረን። ደስ ሊለን ሲገባ ባሰብን። ወይዘሮ ማርታ የይለፍ ቃላቸውን ቀየሩ፤ ወረቀታቸውን በክንዳቸው እየከለሉ መጻፍ ጀመሩ። በመጨረሻ አንድ ዓርብ በሩን ዘጉና፣

"ቁጭ በል" አሉኝ። "ሃያ ዓመት ስገመገም አንድ ሰው አመስግኖኝ አያውቅም። ምን ፈልገህ ነው?"

ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። "ደብዳቤውን አንብቤው ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብዬ ምልክቱን መንካቴን፣ የእሳቸው ግማሽ ለእኔ የሚታይ መሆኑን ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ሁለተኛውንስ አነበብከው?" አሉ።

"የቱን ሁለተኛ?"

"ሁለት ነው የጻፍኩት። አንዱን ዝም ካልክ፣ አንዱን ደግሞ በስብሰባ ላይ ከተናገርክብኝ ላስገባ።" ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "እንኳን አላነበብከው" አሉ። አራት ዓመት አብረን ሠርተን ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። እያየሁ ሁለቱንም ደብዳቤ አጠፉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"አንተስ? በእኔ ላይ የጻፍከው የለም?"

"እኔ?" አልኩ። "ምንም።"

ብዙ አዩኝ። አላመኑኝም። ልክም ነበሩ። ለምሳ ሲወጡ ጠብቄ በእኔ በኩል የነበረውን ሦስት ገጽ ተኩል አጠፋሁት። እሳቸው ቢያንስ አንዱን ደግ አድርገው ሁለት ጽፈዋል። የእኔ ግን ያው አንዱ ብቻ ነበር።