ጠያቂ የበዛበት እሬት

ድሮ፣ አራዊት መሬት በሸንጎ በሚካፈሉበት ዘመን፣ ሌላው የዘራውን እየነቀለ የሚኖር አንድ ዝንጀሮ ነበር። አንበሳ የወንዙን ዳር መሬት ሲያድል ዝንጀሮም «ድርሻዬን» አለ። ሸንጎው ሳቀበት።

«ለመሆኑ አንተ ተክለህ ታውቃለህ?» አለው አንበሳ። «እስከ ክረምት መግቢያ አንዲት ተክል አጽድቀህ አምጣ፤ መሬቱን ትወስዳለህ። ያለዚያ ገደልህ ላይ ትቀራለህ።»

ዝንጀሮ የልጅ መዓት ነበረው፤ ገደሉም ጠቦታል። እመት ኤሊ ዘንድ ሄደ። እሷም እሬት ሰጠችው።

«ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም። ድንጋይ ላይም ይኖራል። ውሃ በወር አንዴ ይበቃዋል። የቀረው ሥራህ እሱን መተው ነው።»

«መተውማ እችላለሁ» አለ ዝንጀሮ። «ስንት ዘመን የኖርኩበት ነው።»

ሁለት ወር ደህና ሄደ። በበጋው ፀሐይ የቅጠሉ ጫፍ ቀላ አለ። ዝንጀሮ ይህን ለአህያ አጫወታት። አህያ ለከርከሮ ነገረች። በማግስቱ «የዝንጀሮ እሬት ታሟል» ተብሎ አገሩ ሁሉ ሊጠይቅ ወጣ። በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ እያንዳንዱ ውሃ በቅል ይዞ መጣ።

«ተዉ፣ ውሃ አይወድም» አለ ዝንጀሮ።

«በሽተኛ መቼ ወዶ ያውቃል? ግድ ይባላል እንጂ» አለ አያ ጅቦ፣ ቅሉን ሥሩ ላይ እየደፋ።

«እኔስ ከማን አንሼ?» አለች አህያ፤ ሁለት ቅል ደፋች።

ዝንጀሮ እንግዳ መመለስ አፈረ። በሳምንቱ እሬቱ ሥሩ በስብሶ ወደቀ። ጠያቂዎቹ አለቀሱ።

«ምነው ቀደም ብለህ በነገርከን» አሉት። «ውሃ ሳይጠግብ ሞተ።»

ሲሄዱለት ዝንጀሮ ጭቃውን ጫረ። ከሥሩ ጎን አንዲት ጤነኛ ቡቃያ አገኘ። ወስዶ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተከላት። እሬትህስ ያለውን ሁሉ «ሞተብኝ» እያለ ሰነበተ። ለቅሶው አንዴ አልቋልና ቅል ይዞ የመጣ አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ዝንጀሮ ለምለም እሬት ታቅፎ ሸንጎ ቀረበ። አንበሳ ቅጠሏን ዳሰሰ፤ መሬቱንም ፈረደለት።

አያ ጅቦ ግን ተቀየመ። «ያን ሁሉ እንባ ያፈሰስነው በከንቱ ነው? ተርፋለች ብትለን ምን ነበረበት? መጥተን እንጠይቃት አልነበር?»

ዝንጀሮ ተክሏን ወደ ደረቱ ሳብ አደረጋት።

«አያ ጅቦ፣ ደግ ጎረቤት በበዛበት አገር፣ ሞተ ያልተባለ አይድንም።»