በሳቲን የተሸፈነው የፀሐይ መብራት

ከጂንካ በላይ፣ የመብራት ፖል ሽቅብ አይቶ ከተመለሰበት ዳገት ላይ፣ አየለችና ባሏ ኤርሳዶ ይኖራሉ። ለእነዚህ ባልና ሚስት የፀሐይ መብራት የሰጠው ጽሕፈት ቤት ምስጋና ይገባዋል። ፀሐይ የሚቀበለውን ሰሌዳ ግቢያቸው መሀል በቆጥ ላይ አቆመ፤ አምፖሉን ሰቀለ፤ ከዚያም የክብር እንግዳ ሳይመርቀው ሥራ እንዳይጀምር ሰሌዳውን በሰማያዊ ሳቲን ሸፈነው። ፀሐይን ለጻድቁም ለኃጥኡም የሚያወጣው አምላክ ግን መመሪያው ስላልደረሰው በየጠዋቱ ያወጣት ነበር።

አየለች የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች። የሚለብሱበት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። መስኮት በሌለው ቤቷ፣ በማገዶ ጭስ እያነባች፣ የሁለት ዘማሪዎችን እጅጌ አንድ ላይ ሰፍታዋለች።

«አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ ለጊዜው ብንገልጠውስ?» አለች የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ።

«ሳይመረቅ?»

«ፀሐይዋ እኮ ዝም ብላ እያለፈች ነው።»

«እሷ ነገም ትወጣለች፣ እህቴ። የእንግዳው ፕሮግራም ነው ጠባብ።»

አየለች መመሪያ ታከብራለች፤ ሳቲኑን አልጣለችም። ሰሌዳውን ብቻ ከሥሩ አውጥታ ጓሮ አቆመችው፤ በቦታው ለዝናብ ጊዜ ያደረቀችውን ፍልጥ በልኩ ደርድራ፣ ሳቲኑን መልሳ አለበሰችው። አምፖሉ በራ፤ እጅጌዎቹም ተለያዩ። በምረቃው ዋዜማ ሁሉንም ወደ ቦታው ልትመልስ አስባ ነበር።

እንግዳው ግን፣ በጽሕፈት ቤቱ ታሪክ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ፣ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድመው ደረሱ።

ሪባኑ ተቆረጠ፤ ሳቲኑ ወረደ፤ ፍልጡ ታየ። እንግዳው ዓይናቸውን ከወረቀታቸው ሳያነሱ፣ «ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ እናቶቻችንን ከማገዶ ለዘለቄታው ያላቅቃል» ሲሉ አነበቡ። ተጨበጨበ።

«እንጨት ነው እኮ» አለ ኤርሳዶ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል» አሉት ኃላፊው በጆሮው፤ «ተመርቋል።»

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። የተመረቀው ንብረት የመንግሥት ሀብት ስለሆነ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ እሱን ከቦታው ማንቀሳቀስ፣ መበተን፣ በተለይም ለእሳት ማጋለጥ በሕግ ያስጠይቃል። ጓሮ ስላለው ሰሌዳ ደብዳቤው አንዳች አላለም፤ ያልተመረቀ ነገር እንደሌለ ይቆጠራልና።

ወዲያው ዝናቡ ገባ። ከዚያ ፍልጥ በቀር በዳገቱ ላይ ደረቅ እንጨት ጠፋ። የእነአየለች ቤት ግን ቦግ ብሎ በርቷል። ኤርሳዶ እጁን ታጥቦ ገበታው ፊት ተቀመጠ።

«ምንድን ነው ዛሬ?»

«በዚህ ሁሉ ብርሃን አይታይህም እንዴ?» አለችው። «ጥሬ ጎደሬ ነው።»