በሐምሌ የሞላ ትምህርት ቤት

ወሬውን የሰማሁት ጅግጅጋ፣ ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነው። ባለቤቴ ደሬሳ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ከእንግዲህ ክረምት ከበጋ አይዘጋም ተባለ። ደሬሳ በ2002 ዓ.ም. ጥር አርፏል። ወሬውን ያመጣልኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጉሃድ ነው፤ የታመመች እኅቱን ሊጠይቅ ከአይሻ ወዲያ ካለው ሰፈራቸው መጥቶ ነበር። ልብሱን አስጥቼ ጨረስኩና ሻይ ቀዳሁለት። እሱም ከትምህርት ቢሮ ከመጣው ኤክስፐርት፣ ከአቶ የሺጥላ ጋር የተነጋገሩትን ከነድምፁ አወራልኝ። እንደነገረኝ ጻፍኩት።

[2003 ዓ.ም.፣ ሐምሌ። ከአይሻ ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት። ግቢው ውስጥ ግራር ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ አለ፤ ደወሉ እሱ ነው። የሺጥላ ቢሮ ውስጥ ባለችው አንድ ወንበር ተቀምጦ በወረቀት ያራግባል። መስኮቱ ለአቧራው ጆንያ ተሰቅሎበታል። ጉሃድ በሩ ላይ ቆሟል። ከሕንፃው ጀርባ የውኃ ቦቴ ሞተር ይሰማል።]

የሺጥላ፦ ደውል አልኩህ!

ጉሃድ፦ ሐምሌ ነው እኮ፣ አቶ የሺጥላ።

የሺጥላ፦ ቢሆንስ? ብረት ወር ያውቃል?

ጉሃድ፦ ብረቱ አያውቅም። ሰዉ ያውቃል።

የሺጥላ፦ ይኸው! ወደ ኋላ ያስቀረን ይኼ ነው። ሐምሌ ሲባል ዕረፍት፣ ነሐሴ ሲባል ዕረፍት። ለመሆኑ ትምህርት ቤት በክረምት ለምን እንደሚዘጋ ታውቃለህ?

ጉሃድ፦ አላውቅም።

የሺጥላ፦ ስለሚዘንብ ነው! እኛ አገር ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። እዚህ ዝናብ አለ?

ጉሃድ፦ የለም።

የሺጥላ፦ ጭቃስ?

ጉሃድ፦ ከየት መጥቶ።

የሺጥላ፦ ወንዝ ይሞላል?

ጉሃድ፦ ወንዛችን አሸዋ ነው።

የሺጥላ፦ እንግዲያው ምን ሆናችሁ ነው የምትዘጉት?

ጉሃድ፦ ልጆቹ ስለሌሉ።

የሺጥላ፦ ልጆቹ ለምን የሉም?

ጉሃድ፦ ዝናብ ስለሌለ።

[የሺጥላ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ይጥላል።]

የሺጥላ፦ ካንተ ጋር ከማውራት ግድግዳ መግፋት ይቀላል።

ጉሃድ፦ ሐጋ ነው፣ የእኛ ደረቅ ወቅት፣ አቶ የሺጥላ። በሐጋ ንፋሱ ቆርቆሮ ይነቅላል፣ ሙቀቱ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ከብቱ ሣር ፍለጋ ይሄዳል፤ ልጆቹም ከከብቱ ጋር ይሄዳሉ።

የሺጥላ፦ ይሄዱና የተማሩትን ይረሳሉ! በጥናት የተረጋገጠ ነው። መስከረም ላይ ስድስት ጊዜ ሰባት ስንት ነው ብትለው ልጁ አፍ አፍህን ያያል።

ጉሃድ፦ ስንት ፍየል እንደጎደለው ግን አይረሳም።

የሺጥላ፦ ይኼ ትምህርት አይደለም። ሕንፃውስ? ሁለት ወር ሙሉ ባዶውን ሲቀመጥ የመንግሥት ሀብት አይባክንም?

ጉሃድ፦ ባዶ እንኳ አይሆንም። ፍየል ያድርበታል።

የሺጥላ፦ ከካራማራ ወዲህ ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ልብ በል።

ጉሃድ፦ ከካራማራ ወዲያስ?

የሺጥላ፦ ወዲያ አንድ አለ። እሱም ከእኔ ነው የወሰደው። አሁን ደውል! እኔ የመጣሁ ቀን ይህ ግቢ ባዶ ሆኖ ያውቃል?

ጉሃድ፦ ኧረ በፍጹም። እርስዎ የመጡ ቀን ሁሌ ሙሉ ነው።

የሺጥላ፦ [ፈገግ ብሎ] ለምን ይመስልሃል?

ጉሃድ፦ ከቦቴው ጋር ስለሚመጡ።

የሺጥላ፦ በምን ልምጣ ታዲያ? የቢሮው መኪና ከቆመ ዓመቱ ነው። ደግሞም አንድ ኤክስፐርት በውኃ ቦቴ ጋቢና ተጭኖ ሲመጣ ሕዝቡ ትሕትናውን ያያል። ሕዝብ ትሕትና ይወዳል።

ጉሃድ፦ እንደዚያ ነው እንዴ?

የሺጥላ፦ ገና ብዙ ትማራለህ። ሂድ!

[ጉሃድ ይወጣል። ሐዲዱን በድንጋይ ይመታል። ወዲያው የእግር ኮቴ፣ የሴቶች ጫጫታ፣ የአህያ ጩኸት። ጉሃድ ይመለሳል። የሺጥላ ከወንበሩ ሳይነሳ ጆንያውን በጥጉ ገለጥ አድርጎ ያያል።]

የሺጥላ፦ ምን አልኩህ! ምን አልኩህ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው።

ጉሃድ፦ ምንም አልተናገርኩም።

የሺጥላ፦ ያ በየእጃቸው የያዙት ቢጫ ነገር ምንድን ነው?

ጉሃድ፦ ጀሪካን።

የሺጥላ፦ ጀሪካን! ወንበር እንደሌለ አውቀው መቀመጫቸውን ይዘው መጡ!

ጉሃድ፦ አንዳንዴ ይቀመጡበታል። ተራው ሲረዝም።

የሺጥላ፦ [እየጻፈ] "ኅብረተሰቡ መቀመጫ በራሱ አቅም አሟልቷል።" ተራ ነው ያልከኝ? በተራ ነው የሚገቡት?

ጉሃድ፦ በተራ ካልሆነማ ይደባደባሉ።

የሺጥላ፦ ፈረቃ! ማንም ሳያዛቸው በፈረቃ! [ይጽፋል] እዚያች ጥግ ያለችው አሮጊትስ?

ጉሃድ፦ ኤብላ ናት። ሰባ አልፏታል።

የሺጥላ፦ የጎልማሶች ትምህርትም አለ ማለት ነው! ትቀራለች?

ጉሃድ፦ ቦቴው በመጣ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

የሺጥላ፦ "የእውቀት ጥማቱ ዕድሜ የማይገድበው መሆኑ ታይቷል።"

ጉሃድ፦ ጥማቱስ እውነት ነው።

የሺጥላ፦ አህዮቹ ደግሞ?

ጉሃድ፦ የጎረቤቴ የሺሬ ናቸው። እነሱም ቀርተው አያውቁም።

የሺጥላ፦ "የትራንስፖርት ችግር የለም።" [ብዕሩን ያስቀምጣል] መቶ አርባ ሦስት! በሐምሌ! ይኼ ከሰኔ መጨረሻ ወዲህ አራተኛው ሪፖርቴ ነው። ሦስቱ ጅግጅጋ ገብተዋል። ሰኞ ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ፤ ዐሥራ አንድ ትምህርት ቤቶች ምርጥ ተሞክሮ ይወስዱበታል።

ጉሃድ፦ ለእነሱም ቦቴ ይሰጣቸዋል?

የሺጥላ፦ አንተ ደግሞ! ስለ ትምህርት ሳወራህ ስለ መኪና። ሌላ የምትለው አለህ?

ጉሃድ፦ አለኝ። ያው ሁልጊዜ የምለው። አስተማሪ።

የሺጥላ፦ ጀመረህ።

ጉሃድ፦ ልጄ ሂቦ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳለች። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ስለሌለ እዚያው ደገመች። መስከረም ደግሞ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። መጽሐፉን ሳትገልጠው ትለዋለች።

የሺጥላ፦ አያሳስብህ። ከእንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ትማራለች።

ጉሃድ፦ ምኑን?

የሺጥላ፦ ሦስተኛ ክፍልን። ያለ ዕረፍት!

ጉሃድ፦ ታውቀዋለች እኮ።

የሺጥላ፦ ሳትረሳው ነዋ! ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ደግሞ ምን አስተማሪ የለም ትላለህ? [ወረቀት ያገላብጣል] ይኸው፤ "አራተኛ ክፍል፣ መምህር ደሬሳ።"

ጉሃድ፦ መምህር ደሬሳ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረው።

የሺጥላ፦ መቼ?

ጉሃድ፦ አምና በጥር።

የሺጥላ፦ በጽሑፍ አሳውቋል?

ጉሃድ፦ ማን?

የሺጥላ፦ ደሬሳ ነዋ!

ጉሃድ፦ አልቻለም።

የሺጥላ፦ እንደዚያማ አይሆንም። ክሊራንስ አልወሰደም ማለት ነው። ከንብረት ክፍል፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከሁሉም ነጻ ነው ተብሎ ሰባት ፊርማ ያልተፈረመለት መምህር ሥራ ላይ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ሥራ ላይ ባለ ሰው ቦታ ደግሞ ሌላ አይቀጠርም።

ጉሃድ፦ ሥራ ላይ ከሆነ ለምን አይመጣም?

የሺጥላ፦ እሱ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው።

[ከውጭ የመኪና ጥሩምባ።]

የሺጥላ፦ ማነው?

ጉሃድ፦ ሾፌሩ ተሜ ነው። ውኃውን አድሎ ጨርሷል። የርክክቡን ወረቀት ፈርሙልኝ ይላል።

[ጉሃድ ወጥቶ አንድ ቅጽ ይዞ ይመለሳል።]

የሺጥላ፦ አምጣው። አንተ ዘበኛ ነህ፣ መፈረም አትችልም። [እያነበበ] "ዐሥራ ሁለት ሺህ ሊትር ውኃ… ተረክበው ወደየቤታቸው የሄዱ ሰዎች ብዛት፦ መቶ አርባ ሁለት።" [ቀና ይላል] ወደየቤታቸው?

ጉሃድ፦ አዎ። አልቋል።

[የሺጥላ ተነስቶ ጆንያውን ሙሉ በሙሉ ያነሳዋል። ግቢው ባዶ ነው። አንድ አህያ ብቻ ጀሪካን ተጭኖ በበሩ ሲወጣ ይታያል።]

የሺጥላ፦ እኔ መቶ አርባ ሦስት ነው የቆጠርኩት።

ጉሃድ፦ ተሜን ቆጥረውት ነው። መካከላቸው ቆሞ ነበር።

[የሺጥላ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።]

የሺጥላ፦ በሰኔ መጨረሻ የቆጠርኳቸውስ?

ጉሃድ፦ እነዚሁ ናቸው።

የሺጥላ፦ ከሳምንት በፊትስ?

ጉሃድ፦ ያን ቀን ሻሚስ አራስ ስለነበረች ባሏ ነው የመጣው። ቁጥሩ አልተለወጠም።

የሺጥላ፦ አንተ ሰውዬ! ለምን አልነገርከኝም?

ጉሃድ፦ ነገርኩዎት። ከቦቴው ጋር ስለሚመጡ ነው አልኩ። እርስዎ ትሕትና ነው አሉ።

የሺጥላ፦ ተማሪዎች አይደሉም አትልም?

ጉሃድ፦ አልጠየቁኝም። ስንት ናቸው ነው እንጂ ምንድን ናቸው ብለውኝ አያውቁም። ደግሞ ቦቴው የሚታዘዘው ለተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። እርስዎ "ክፍት ነው" ብለው ጻፉ፣ ውኃው መጣ። ወላሂ፣ ሐምሌን እንዲህ አልፈነው አናውቅም። ኤብላ በእያንዳንዱ ሶላት ትመርቅዎታለች።

የሺጥላ፦ [በሹክሹክታ] ይህን ማን ማን ያውቃል?

ጉሃድ፦ መንደሩ ያውቃል። ተሜ ያውቃል። እስከ ደወሌ ድረስ ሻይ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

የሺጥላ፦ ጅግጅጋስ?

ጉሃድ፦ ጅግጅጋ የሚያውቀው እርስዎ የጻፉትን ነው።

የሺጥላ፦ ሰኞ እኮ ነው ስብሰባው! ሦስት ሪፖርት! ዐሥራ አንድ ትምህርት ቤት!… ጉሃድ፣ ወንድሜ…

ጉሃድ፦ እስካሁን አንተ ሰውዬ ነበርኩ።

የሺጥላ፦ ወንድም ጋሼ! ምን ይሻላል? አንተ ብልህ ሰው ነህ።

ጉሃድ፦ ብልህ መሆን አልፈልግም። አራተኛው ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ይቀጠር ይበሉ። ከዚያ እኔ እንደ ዱሮዬ ደንቆሮ እሆናለሁ፣ እርስዎም እንደ ዱሮዎ ኤክስፐርት።

የሺጥላ፦ ክሊራንሱ ነው እኮ ችግሩ…

ጉሃድ፦ የሌሉትን መቶ አርባ ሦስት ተማሪ ጽፈዋል። የሌለ አንድ አስተማሪ መጻፍ ከበደዎት?

[የሺጥላ ላቡን ጠርጎ ይጽፋል። ጉሃድ በትከሻው በኩል ጎንበስ ብሎ ያያል።]

የሺጥላ፦ "ለትምህርት ቤቱ አንድ ተጨማሪ መምህር…"

ጉሃድ፦ "ተጨማሪ" አይበሉት። "ምትክ" ይበሉት። ተጨማሪ ካሉ፣ ያለ ይመስላቸዋል።

የሺጥላ፦ [ብዕሩን አቁሞ] አንተ ታነባለህ እንዴ?

ጉሃድ፦ ትንሽ ትንሽ።

የሺጥላ፦ ማን አስተማረህ?

ጉሃድ፦ መምህር ደሬሳ።

የሺጥላ፦ መቼ?

ጉሃድ፦ በሐምሌና በነሐሴ። ሦስት ዓመት። ግቢው ጭር ሲል፣ እሱና እኔ ብቻ ስንቀር። ሪፖርት ስላልጻፈበት ነው እርስዎ ያልሰሙት።

[የሺጥላ ቃሉን ሰርዞ ያስተካክላል። ጥሩምባው እንደገና ይነፋል። ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ ቦቴው ጋቢና ይሮጣል።]

ሪፖርቱ ሰኞ ዕለት ቀርቦ ተጨብጭቦለታል። ትምህርት ቤቱም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው ተብሎ ተመዘገበ። ጉሃድ ያስጨመረው መስመር አለበት፤ ትምህርት ቢሮ ሄጄ አይቻለሁ። ክሊራንሱ ሲያልቅ ይታያል ተብሎ ዳሩ ላይ ተጽፎበታል። ክሊራንሱን እኔ ጀመርኩት። ከሰባቱ ፊርማ አምስቱን አግኝቻለሁ። የንብረት ክፍሉና የቤተ መጻሕፍቱ ይቀራሉ፤ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የለውም። አራተኛ ክፍል እስካሁን አስተማሪ አልተቀጠረለትም።