የሚስ ራኬብ ዘመቻና የግድግዳው ላም

ንጽሐፍ እንከ ዜናሃ ለራኬብ! ዋና መምህርት ዓለሚቱ በወንበራቸው በተቀመጡ በሦስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ከሀና ማርያም ወደ ለቡ የሚወስደው የውስጥ መንገድ ለአራተኛ ጊዜ በተቆፈረበት ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ ሁዳዴ በገባ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሞአት ራኬብ፣ ሥይምተ መቀስ ወሙጫ፣ የአጸደ ሕፃናቱ የሥዕል መምህርት፣ በመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ዘመቱ። ይህን የጻፍሁት እኔ የበሩ ዘበኛ ጌቱ ነኝ፤ የጻፍሁበትም የእንግዳ መመዝገቢያ ደብተር ነው፤ እንግዳ ስለማይመጣ ባዶ ገጽ ሞልቷል።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ዋና መምህርት ዓለሚቱ፣ የደወሉ ባለቤት፣ ከእጅ ጽሕፈት በቀር ትምህርት ያለ የማይመስላቸው፣ ሰኞ ጧት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ አስነገሩ፦ «ውድ ወላጆች፣ ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። ልጆቻችን በሥዕል ክፍለ ጊዜ የሠሩትን መጥታችሁ ታያላችሁ። የረባ ነገር ከሌለ ክፍለ ጊዜው ለእጅ ጽሕፈት ይሰጣል። እናመሰግናለን።» ሚስ ራኬብ የተቀጠሩት ለዚያ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበርና፣ እሱ ከተወሰደ እሳቸውም ይሄዳሉ። ዐዋጁን ባነበቡ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። እኔም አዘንሁ፤ ከመምህራኑ ሁሉ እየሳቁ ገብተው እየሳቁ የሚወጡት እሳቸው ብቻ ናቸውና።

ወበውእቱ መዋዕል የትምህርት ቤቱ ቀለም በጣሳው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ሚስ ራኬብ ያለ ቀለም ሊሥሉ ቆርጠው፣ በክፍሉ መካከል ቆመው፣ እጃቸውን ሦስት ጊዜ አጨብጭበው ክተት አወጁ፦ «ልጆች፣ ነገ ሁላችሁም ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ቤት ያለውን እህል በትንሽ ፌስታል ይዛችሁ ኑ!» ሠራዊቱም ከተተ፤ ቁጥሩ ሃያ ስድስት፣ የትልቁ ዕድሜ አምስት ዓመት ከመንፈቅ። በቀኝ የማይቆርጥ መቀስ የታጠቀው ኦሊያድ፤ በግራ ሙጫ በፀጉሯ ላይ የደረቀባት ዝማሬ፤ ከፊት አያቷ ኦቦ ሁንዴሳ እስካሁን ከሠፈሩ ወንዝ ዳር የሚያርሱላትና ላም የሚያልቡላት፣ ሸክላ አፈርም በባልዲ ያስጎተተቻቸው ሌንሳ፤ ከኋላም ቤተሰቡ ጴንጤ በመሆኑ በጾም የእንቁላል ቅርፊት ማምጣት የቻለ ብቸኛው ተዋጊ አዶኒያስ። ከሠራዊቱ ሁለቱ እናቴን ብለው አለቀሱ፤ አንዱ ሱሪውን አረጠበ፤ ይህንም አልደብቅም።

ሦስት ቀን ሙሉ ተዋጉ። ጋዜጣ በጣታቸው ቀደው ሰማይ አደረጉት፤ የእንቁላሉን ቅርፊት ሰባብረው ደመና ለጠፉበት፤ ድንች ለሁለት ተከፍሎላቸው፣ በሸክላው ጭቃ እየነከሩ እንደ ቀበሌ ማኅተም ቢመቱበት የለቡ ፎቆች ሆኑ፤ በመጨረሻም የዱቄት ሙጫ ቀብተው፣ እህሉን ፍሬ በፍሬ ተክለው፣ የኦቦ ሁንዴሳን ላም አቆሙ፤ ሆዷ ሽምብራ፣ ቀንዷ ሱፍ፣ ጭራዋ ስንዴ። እውነቱን ለመናገር አህያ ትመስል ነበር፤ ግርማዋ ግን የላም ነው።

ነገር ግን በሠፈራችን ልጇን ጥሬ ሽምብራ አስይዛ ትምህርት ቤት የምትልክ እናት የለችም። እህል ተብለው የተጠየቁት እናቶች ሁሉ ለልጄ መክሰስ ነው ብለው ቆልተው ነበር የላኩት። ሚስ ራኬብም ይህን አይተው፣ የተቆላው መልክ ለላም ቆዳ ይስማማል ብለው ተቀበሉት፤ የተሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ዓርብ ረፋድ፣ እሳቸው ውኃ ሊቀዱ እንደ ወጡ፣ ኦሊያድ የላሟን ጆሮ ነቅሎ ጎረሰና ክፍሉ እስኪናወጥ ድረስ አወጀ፦ «ላሟ ትጣፍጣለች!» ሶቤሃ፣ ወዲያውኑ፣ ሠራዊቱ በአንድነት ተነሣ። ሚስ ራኬብ ሲመለሱ ላሟ የኋላ እግር አልነበራትም። ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ፤ እኔም በመስኮት አየሁ። ከዚያ ግን እንባቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ የየፌስታሉን ትራፊ አራግፈው፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እግር ሲተክሉ ዋሉ።

ቅዳሜም ወላጆች መጡ። ዋና መምህርት ዓለሚቱ ጀርባቸውን ለላሟ ሰጥተው ስለ እጅ ጽሕፈት ጥቅም ንግግር ጀመሩ። እኔ ከበሩ ሆኜ እንዳየሁት፣ በመጀመሪያው ነጥብ እጃቸው ወደ ኋላ ሄዶ ከላሟ ሆድ አንዲት ሽምብራ ነቀለ፤ በሁለተኛው ነጥብ ሦስት ነቀለ፤ ወደ ሦስተኛው ሲደርሱ አፋቸው ሞልቶ ንግግሩ ቆመ። ኦቦ ሁንዴሳም ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት ቀርበው፣ ላሟን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ይቺማ የኔ ላም ናት!» ብለው አውጀው ቀንዷን ቀመሱ። ከዚያ በኋላ ጉባኤውን የሚመልስ አልተገኘም። ልጆቹ እናት አባታቸውን በእጅ እየጎተቱ የተከሉትን ፍሬ አሳዩ፤ ወላጆቹም እያደነቁ አዩ፣ እያዩም በሉ፤ ሌላ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ወደ ታክሲ የሚሮጠው ሁሉ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከግድግዳው አልተላቀቀም።

ወእምዝ ዋና መምህርት ዓለሚቱ አፋቸውን ጠርገው የመጨረሻውን ዐዋጅ አስነገሩ፦ «የሥዕል ክፍለ ጊዜ ከሰኞ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ሆኗል። ሚስ ራኬብ፣ የሚቀጥለው ላይ ኦቾሎኒ ይግባበት።»

እንግዲህ ውዳሴ ይገባቸዋል ለራኬብ፣ ለመዋኢተ ግድግዳ፣ ከጭቃ ከተማ ላወጡ፣ ከቅርፊት ደመና ለዘረጉ፣ ሃያ ስድስት ጎራሽ አሰልፈው ለድል ለበቁ! ሥዕል ሠርተው ያስቀመጡ በየአገሩ ሞልተዋል፤ ሥዕላቸው በአንድ ቀን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ያለቀላቸው ግን የእኛዋ ብቻ ናቸው።