ለኮምፒውተር የተሰጠ ስም

አርቦሬ ወርጄ፣ ቱርሚ ዞሬ ብዙ ደፋር አይቻለሁ፤ እንደ ፕሮግራም ሠሪ ያለ ደፋር ግን አይታችኋል? ጂንካ ያለችው የልጅ ልጄ ማርታ በሕይወት ያለውን ከሞተው የሚለይ ፕሮግራም ሠራች። ሥራ ሲጀምር ከማስነሻ ትእዛዙ ቀጥሎ የሰው ስም ይጻፍለታል። ስህተት ነበረበትና እሱን ስትፈልግ የእኔን ስም ደጋግማ ሰጠችው። ሥራውን መሃል ላይ አቁማ ውስጡን ታያለች፤ ስትለቀው «ሞተዋል» ይላል። አጠገቧ ተቀምጬ!

እኛ ዘንድ የማይታይ ነገር ሰውን በስሙ ሲጠራ መልስ አይሰጥም። እኔም ዝም አልኩ። ሰባተኛው «ሞተዋል» ላይ ግን እግሬ በረደኝ።

«ልጄ፣ ስሜን አውጪልኝ።»

«እማማ፣ ማሽን እኮ ነው! ስም ካልሰጠሁት ስህተቱ አይታየኝም።»

«እንግዲያው የራስሽን ስጪው!»

ሳቀች። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈችና ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ፊደሏን አጥፍታ «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብላ የኮምፒውተሩን ክዳን ዘጋች።

የእኔ ስም ግን ውስጡ አደረ።